የነጯ ማሽን አንድምታ

ፍኖተ ሰላም መናኸሪያው ፊት ለፊት ሞባይል የሚጠግን እጅጉ የሚባል ሰው አለ። ሰው ወደ እሱ የሚሄደው ወይ ስልኩ ሲበላሽ ነው፣ ወይ መሳቅ ሲያምረው። ለመሳቅ የመጣ ብዙ መልፋት የለበትም። «ጋሼ እጅጉ፣ ያች ነጯ የጌም ማሽንህ ግን ምን ሁና ነው የከሰረችው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃዋል። እጅጉ የፈታውን ስልክ አንጀቱን እንደዘረገፈ ያስቀምጠዋል። ጉሮሮውን ይጠርጋል። ቅኔ ቤት ስድስት ዓመት የተቀመጠበት ድምፁ ይመጣል።

«አንድም» ብሎ ይጀምራል፤ የመጽሐፍ መምህር አንዱን ቃል በብዙ መንገድ ሲፈታ እንደሚለው። «አንድም ፋብሪካው ከእሷ በፊት ያወጣቸው ማሽኖች ገዢውን አሳዝነውት ነበርና፣ ጥፋቱ የታላላቆቿ ሆኖ ቅጣቱን እሷ ተቀበለች። አንድም ተፎካካሪዋ ጥቁሩ ማሽን ገና ሳይወለድ ክርስትናው ተደገሰለት፤ ሰው ሁሉ እሱን እጠብቃለሁ ብሎ ገንዘቡን ቋጠረ። አንድም ጥቁሩ ፊልምም ያሳያል፤ እሷ ጨዋታ ብቻ ናት። አንድም ዲስኳን ሌባ ሁሉ እየገለበጠ ቸበቸበውና ጨዋታ የሚሠሩላት ሰዎች ተስፋ ቆርጠው ጥለዋት ሄዱ፤ ስመ ጥር የኳስ ጨዋታ የሚሠሩትማ መጀመሪያውኑ አልመጡላትም።»

አራት ነው። አራቱም ልክ ነው። ገሚሱን መርካቶ ማሽኗን የሸጠለት ነጋዴ ነግሮታል፤ የቀረውን ባሕር ዳር ኢንተርኔት ቤት ተቀምጦ፣ እንግሊዝኛ ከሚችል ሰው ጋር እየተጋገዘ አንብቧል። በጥቁር እስክሪብቶ ጽፎ ያስቀመጠበት ደብተርም አለው። ደብተሩ ላይ ግን አምስተኛ አንድም አለች። እሷን ለማንም አያነብም፤ የምታስቀው ግን እሷ ነበረች።

እጅጉ የመሪጌታ ክንፈሚካኤል ልጅ ነው። መሪጌታ ከጅጋ ወጣ ብሎ ባለ ደብር ቅኔ ያስተምራሉ፤ ተማሪ ከሊበንም ከአዴትም ቀለብ ተሸክሞ ይመጣላቸዋል። እጅጉ ግን መሸከምም መምጣትም ሳያስፈልገው፣ እዚያው ተወልዶ እዚያው ስድስት ዓመት ተማረ። አእምሮ አላነሰውም። ያነሰው መጠየቅ ነው። ሌላው ተማሪ ያልገባው የግእዝ ግሥ ሲያጋጥመው «የኔታ፣ ይኸ ምንድን ነው?» ሲል፣ እሱ «የመምህር ልጅ ሆኜ አላውቅም ልበል?» እያለ አንገቱን ይነቀንቃል። ሲነቀንቅ ስድስት ዓመት ሞላው።

ታዲያ አንድ የማርያም ንግሥ ቀን ቅኔ ሊቀኝ ሕዝብ ፊት ቆመ። አንደኛውን ቤት አለ፣ ሁለተኛውን አለ። ሦስተኛው ላይ ያ ያልጠየቀው ግሥ ጠብቆ ያዘው። ቅኔው ጠፋበት። ወደ አባቱ ቢመለከት አንገታቸውን ደፍተዋል። «አፈሩብኝ» አለ በልቡ። ያን ካየ በኋላ ዓይኑን አላነሣም፤ በማግስቱ ማንንም ሳይሰናበት አዲስ አበባ ገባ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። እጅጉ ሁለቱንም ሳያደርግ መርካቶ አንድ የኤሌክትሮኒክስ መደብር ዕቃ ተሸካሚ ሆነ።

ነጯን ያያት እዚያ ነው። መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሳ ተቀምጣለች። ነጋዴው የማይዋሽ ሰው ነበርና «ፋብሪካው እሷን መሥራት አቁሟል፤ የረከሰችው ለዚህ ነው» አለው። እጅጉ ከዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ «የረከሰችው» የምትለዋን ብቻ ሰማ። ከዚያ እንደ ሊቅ መረመራት። ጥቁሩ ማሽን መቆጣጠሪያ የሚሰካበት ሁለት ቀዳዳ ብቻ አለው፤ እሷ አራት። አራት ሰው ከሁለት ሰው ይበልጣል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይምጣ? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እጅጉም ይህችን ማስረጃ እስከ ዛሬ አልለቀቃትም።

ማሽኗን በራሱ ላብ ገዝቶ ፍኖተ ሰላም ላይ የጌም ቤት ሊከፍት መጣ። ቴሌቪዥኑንና የቤት ኪራዩን የቻለችው ታላቅ እህቱ አደይ ናት፤ ጊደሯን ሸጠች። አደይ አባቷ ቤት አጠገብ ጎጆ ወጥታ የምትኖር፣ ቃሏ አጭር የሆነ ሴት ናት። ፍኖተ ሰላም ድረስ መጥታ ብሩን ስትሰጠው አንድ ነገር ብቻ አስማለችው።

«የአባን ዓይን ጉም እየዋጠው ነው። ዳዊት በቃሉ ካልሆነ በዓይኑ መድገም ትቷል። ከዚህ ዕቃ የምታገኘውን ለሌላ እንዳታውለው። መጀመሪያ ባሕር ዳር ወስደህ መነጽር ታደርግለታለህ።»

«እሺ እትየ። መነጽሩን ሳልይዝ ደጁን አልረግጥም።»

«ደጁን አልረግጥም አላልኩህም። መነጽር ነው ያልኩህ።»

እሱ ግን የማለው እንደዚያ ነው። መነጽር ከያዘ ሰው ሆኖ ገብቶ የአባቱን ጉልበት ይስማል፤ ካልያዘ ጅጋን በመኪና መስኮት እያየ ያልፋታል። ሌላ መንገድ መኖሩን አላሰበም።

ቤቱ በጥቅምት 1996 ተከፈተ። ሦስት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ ነጯ። ሲከፈት ሁለት ነገር ወዲያው ታወቀ። አንደኛ፣ ዲስኩ ላይ ያለው የኳስ ጨዋታ ማንም ስሙን ሰምቶት የማያውቅ ሰው የሚሮጥበት ነበር። «አርሴናል የለም?» ይላሉ ጎረምሶቹ። «አርሴናል የለም፤ ግን አራት ሆናችሁ መጫወት ትችላላችሁ» ይላል እጅጉ። ማንቸስተር ሲሉትም መልሱ ይኸው አራት ሰው ነው።

ሁለተኛው ጩኸቷ ነው። የተጫወቱትን የምታስታውስ፣ መቆጣጠሪያው ላይ የምትሰካ ክብሪት የምታህል ዕቃ ነበረቻት። የዚች ዕቃ ባትሪ አለቀ፤ ባትሪው ደግሞ ከአዲስ አበባ ወዲህ አይገኝም። ባትሪ ስታጣ፣ ማሽኗ በተከፈተች ቁጥር «ጢ——ጥ» ብላ ትጮኻለች። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቢያጠፉትም አይመለከታትም፤ ጩኸቷ የራሷ ነው። መናኸሪያው ድረስ ይሰማል። «ነጯ ተነሣች» ይላል ወያላው።

ይህ ሁሉ ባይኖር እንኳ እጅጉ ቤቱን የሚገድልበት የራሱ ዘዴ ነበረው። በበዓል ይዘጋል።

ነገሩን ለራሱ ሲያስረዳ እንዲህ ነው፦ ከቅኔ ቤት ጠፋሁ፤ አባቴን አሳፈርኩ፤ አሁን ደግሞ «የመሪጌታ ልጅ በበዓል ቀን ጌም አጫወተ» ካስባልኩማ አለቀልኝ። ስለዚህ በዓል አከበረ። ግማሽ አላከበረም፤ ሙሉ ነው ያከበረው። ወሩ ሠላሳ ቀን ነው። ልደታን፣ አቦን፣ ሥላሴን፣ ሚካኤልን፣ ኪዳነ ምሕረትን፣ ገብርኤልን፣ ማርያምን፣ ጊዮርጊስን፣ መድኃኔ ዓለምንና ባለወልድን ቀንሱ። ቅዳሜና እሑድን ቀንሱ። ከተረፈው ላይ መብራት የሚጠፋበትን ቀንሱ። የቀረው የሥራ ቀን ነው። በሥራ ቀን ደግሞ ጎረምሳው እርሻ ላይ፣ ተማሪው ትምህርት ቤት ነው። የሚመጣለት ሥራውን ጥሎ የጠፋ ብቻ ሆነ። እሱንም አባቱ ይከተለዋል። አያ አድማሴ የሚባሉ ገበሬ አንድ ማክሰኞ ሽመላቸውን ይዘው ገብተው ልጃቸውን ከወንበር ላይ በጆሮው አነሡት።

«ማጭዱን እማሳው ላይ ጥሎት! ጤፉ እየረገፈ! አንተስ የማን ልጅ ነህ?»

እጅጉ የማን ልጅ እንደሆነ አልተናገረም። አያ አድማሴ ግን አጣርተው አወቁ።

በበዓል ቀን ደግሞ ሌላ ነው። ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ከየገጠሩ የመጣው ወጣት ነጭ ለብሶ አስፋልቱን ይሞላዋል። የሚሠራው የለው፣ የሚሄድበት የለው፤ የነጯን በር ተደግፎ ይቆማል። ትንሽ ቆይቶ ጭነት የሌለው አይሱዙ ሲያልፍ «ቡሬ! ቡሬ!» ብሎ ይሳፈራል። ቡሬ ስመኘው የሚባል ሰው ጥቁሩን ማሽን አስገብቷል። እጅጉ በመስኮት ቀዳዳ እያየ «አየህ፣ ጥቁሩ በለጠን» ይላል፤ ደብተሩን አውጥቶ ይጽፋል። «አንድም ፊልም ስለሚያሳይ።»

እዚህ ላይ አንድ የማይነገር ነገር መናገር አለብን። እጅጉ በመስኮት ቀዳዳ የሚያየው ከየት ሆኖ ነው ቢሉ፣ ከውስጥ ሆኖ ነው። በበዓል ቀን በሩን ከውስጥ ይቀረቅርና፣ ድምፁን አጥፍቶ፣ ብቻውን ይጫወታል። ለሰው ማጫወት ሥራ ነው፣ ብቻ መጫወት ሥራ አይደለም ብሎ ለራሱ ፈረደ። ፍርዱን የሚያይለት ይግባኝ ሰሚ አልነበረም። ጩኸቷንም በትራስ አፍኖ ይከፍታት ነበር።

የጥቁሩን ምሥጢር ሊሰልል አንድ ቀን ቡሬ ሄደ። የሄደው ሃያ አራት ቀን ነው፤ ሃያ ሦስት ጊዮርጊስ ስለሆነ እንዳይሻር ብሎ። ሲደርስ የስመኘው ቤት ባዶ ነው። ስመኘው ራሱ አግዳሚው ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ያንኮራፋል።

«ሰው የለም እንዴ?» አለ እጅጉ።

«ዛሬ ማን ይመጣል ብለህ ነው? ትናንት ብትመጣ መቆሚያም አታገኝ።»

«ትናንት ምን ነበር?»

«ትናንትማ ጊዮርጊስ ነበር!» ስመኘው የነጯን ባለቤት ለየውና ተነሥቶ ተቀመጠ። «አንተስ ጊዮርጊስን እንዴት ዋልክ?»

«ዘግቼ ነዋ።»

ስመኘው ከእግር እስከ ራሱ አየው። ሊመክረው አፉን ከፈተ፤ ተፎካካሪው መሆኑ ትዝ አለውና አፉን በሌላ ቃል ዘጋው። «ደግ አድርገሃል። በዓል መከበር አለበት። እንዳትተው አደራ።»

እጅጉ ልቡ ተነካ። ተፎካካሪ ሆኖ እንዲህ ያለ ቅን ሰው አይቶ አያውቅም። ሲመለስ መኪና ውስጥ ደብተሩን አውጥቶ «ጥቁሩም እየሞተ ነው። ምክንያቱ፦ ገና አልታወቀም» ብሎ ጻፈ።

እንዲህ እያለ ዓመቱ ዞረ። መነጽሩ አልተገዛም። አደይ ስትልክበት «በቅርቡ» ይላል። ኪራዩን ራሱ የሚከፍለው ጠዋት ጠዋት መናኸሪያ ዕቃ እየተሸከመ ሆነ። መርካቶም ተሸካሚ፣ እዚህም ተሸካሚ፤ ልዩነቱ እዚህ የራሱ ንግድ ያለው ተሸካሚ ነው።

የ1997 ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። ትልቅ በዓል ነው፤ አስፋልቱ ከወትሮው ይበልጥ ሞልቷል። እጅጉ ቀረቀረ፣ ድምፁን አጠፋ። ትራሱን ግን ረሳ።

«ጢ——ጥ!»

ውጭ የቆመው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። «አለ! ውስጥ ነው!» አለ አንዱ። ሳቅ ሆነ። እጅጉ ማሽኗን አቀፋት። ቀጥሎ በሩ በእንጨት ሦስት ጊዜ ተመታ፤ ረጋ ብሎ፣ እኩል እኩል። ይህን አመታት ያውቀዋል። ስድስት ዓመት ሙሉ ከእንቅልፉ የቀሰቀሰው መቋሚያ ነው።

«እጅጉ» አለ የመሪጌታ ድምፅ። «ክፈት።»

ከፈተ። አባቱ ነጭ ጥምጣማቸውን ጠምጥመው መቋሚያቸውን ይዘው ቆመዋል፤ አደይ ክንዳቸውን ይዛለች። ከኋላቸው ሠላሳ የሚሆን ጎረምሳ አንገቱን አስግጓል። እጅጉ ጉልበታቸው ላይ ወደቀ።

«ተነሥ። በሚካኤል ቀን ቀርቅረህ ምን ትሠራለህ?»

መዋሸት ፈለገ። ነጯ ግን ቴሌቪዥኑ ላይ እየበራች ነው። «እየተጫወትኩ ነበር፣ አባ።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን።»

ሠላሳው ጎረምሳ ሳቀ። መሪጌታ አልሳቁም። አደይ ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻቸው። «ይኸን ሁሉ ወጣት ደጅ አስቀርተህ ብቻህን የምትጫወተው ለምንድን ነው?»

«በዓል ነው ብየ ነው አባ። የእርስዎን ስም እንዳላስነቅፍ ብየ።»

«እንዲህ ነው?» አሉ መሪጌታ። «ይኸውልህ፣ ዓመት ሙሉ አንተን ሊከስ ደጄ ያልመጣ የለም። አድማሴ መጣ፤ የእሱ ጎረቤቶች መጡ። በበዓል ከፈተ ያለኝ አንድ ሰው የለም። በሥራ ቀን ከፍቶ ልጆቻችንን ካጨዳ ይነጥቀናል፣ በበዓል ዘግቶ አስፋልት ላይ ያፈሳቸዋል፣ መኪና ላይ ተንጠልጥለው ቡሬ ሲሄዱ ነፍሳችን አለቀች ነው ያሉኝ። ለመሆኑ የገና ጨዋታ የሚመታው መቼ ነው?»

«በገና ቀን፣ አባ።»

«ማክሰኞ ቀን የገናዋን እሩር ይዞ የወጣ ምን ይባላል?»

«ሥራ ፈት ይባላል።»

«ጠላ ሻጯስ በሚካኤል ትዘጋለች?»

«ኧረ ለሚካኤል ብላ ነው የምትጠምቀው።»

«በበዓል የተከለከለው ሞፈርና ቀንበር ነው። ይኸ ዕቃህ ሞፈር አለው?»

«የለውም አባ። አራት ቀዳዳ ነው ያለው» አለ እጅጉ። እዚህም ላይ አራቱን ቀዳዳ ሳያነሣ አላለፈም።

አሁን መሪጌታም ሳቁ። ቆየት ብለው ግን ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ከፍኖተ ሰላም ጅጋ ባሕር አለ እንዴ? ለምን መጥተህ አልጠየቅኸኝም?»

እጅጉ ሰው መኖሩን ረሳ። «አፍሬ ነው። ያን ጊዜ ቅኔው ሲጠፋብኝ አንገትዎን ደፉብኝ። አፈሩብኝ ብየ ነው የጠፋሁ።»

«አፍሬብህ አይዶለም፣ አንተ ልጅ» አሉ መሪጌታ። «ሕዝቡ እንዳያይብኝ ጎንበስ ብየ ግሡን በከንፈሬ እልልህ ነበር። አንድ ጊዜ ቀና ብትል ታየው ነበር።»

እጅጉ አለቀሰ። ሠላሳ ሰው ፊት፣ በሚካኤል ቀን፣ ሳይደብቅ አለቀሰ። አደይ «በቃ አሁን ክፈትላቸው፣ ሰው ቁሟል» ባትለው እስከ ማታ ያለቅስ ነበር።

ያን ቀን አራቱም ቀዳዳ ተሰካ። አርሴናልን የጠየቀ የለም፤ አራት ሆነው ሲጫወቱ ሌላው ከኋላ ሆኖ እየጮኸ፣ ተሸናፊው ሲነሣ አዲሱ እየተተካ እስከ ምሽት ሆነ። መሪጌታ ከፊት ያለው ወንበር ላይ ተቀምጠው «አንድ ነጭ ነገር ሲሮጥ ይታየኛል፤ በለው!» ይሉ ነበር። ማንን እንደሚሉ እሳቸውም አያውቁም። ከዚያ ወዲህ በዓል በመጣ ቁጥር ቤቱ ጢም ይላል፤ በሥራ ቀን እጅጉ ይዘጋል። አያ አድማሴ ልጃቸውን ይዘው መጥተው እሳቸውም አንድ ዙር ሞክረው ተሸነፉ።

ይህ የሆነው ለአንድ ወር ከሳምንት ነው። በታኅሣሥ ገብርኤል፣ ቤቱ አፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ሳለ፣ ነጯ ዲስኩን ማንበብ አቆመች። እጅጉ ፈታት፣ ጠረጋት፣ ለመናት። አዲስ አበባ ደወለ። የማይዋሸው ነጋዴ አሁንም አልዋሸም፦ «ወንድሜ፣ ፋብሪካው መሥራት አቁሟል አላልኩህም? መለዋወጫ ከየት ይመጣል?» ገበያው ዕቃው እያለ አልመጣ፣ ገበያው ሲመጣ ዕቃው ሄደ። እጅጉ ማልቀስ አማረው፤ ሳቁ ቀደመው።

በዚያች ወር ከሳምንት የተገኘው ገንዘብ ግን የባሕር ዳርን ደርሶ መልስና መነጽሩን ቻለ። መሪጌታ መነጽራቸውን አድርገው ቤታቸው ሲገቡ፣ እጅጉ ደጁን ረግጦ አብሯቸው ገባ። መሪጌታ መጀመሪያ ዳዊታቸውን ገልጠው አንድ ገጽ ደገሙ። ቀጥለው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ዓመት ሙሉ ጻፍኩ ያልከኝን ደብተር አምጣው እስቲ።»

እጅጉ አፈረ፤ ግን ሰጣቸው። መሪጌታ አራቱን አንድም አንድ በአንድ አነበቡ። «ፊደልህ መልካም ነው» አሉ። «አራቱም ያስኬዳል። ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው።» የቅዱሳንን ስም የሚጽፉበትን ቀይ ቀለም አስመጡ። መቃ ብዕራቸውን ነክረው ከአራተኛው ሥር ጻፉ፦

«አንድም ባለቤቷ አባት እያለው ሳይጠይቅ ስለ ቀረ።»

እጅጉ ቀለሙ እስኪደርቅ ቁጭ ብሎ አየው። ጉሮሮውን ጠረገ።

«አባ» አለ፤ «ያ ግሥ ግን ትርጉሙ ምን ነበር?»

መሪጌታ መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉት፤ መልሰው አደረጉት። ፊቱን ደኅና አድርገው አዩት።

«ቀረብ ብለህ ተቀመጥ» አሉት።